እሜቴ ሳይነሡ

አውራ ዶሮው መኪናው ላይ እንደ ተጫነ በእነ ወይዘሮ ይርገዱ ግቢ ጠዋቱ ቀረ።

ከአጥሩ ውጭ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሆኗል፤ የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮውን ማንጫጫት ጀምራለች። ከአጥሩ ውስጥ ግን ሊነጋ ሲል የሚኖረው ግራጫ ብርሃን እንደ ቆመ ቆሟል። አይነጋም፣ አይጨልምም። የቀረው ጠዋት ከዶሮው ጋር አይሱዙው ላይ ወጥቶ፣ በፍራሹና በጠረጴዛው መካከል እንደ ብርቱካን ቀልቶ ይታያል። ሹፌሩ ሱልጣን ኪሱን ዳብሶ የፀሐይ መነጽሩን አደረገ።

“ማዘር፣ ዶሮው ጠዋቱን ይዞት ወጣ መሰለኝ” አለ።

“ይዞት ይውጣ። እዚያስ መንጋት የለበትም?” አሉ ወይዘሮ ይርገዱ፣ ድስቶቹን እየደራረቡ።

የሚደነቁበት ጊዜ አልነበራቸውም። በቤታቸው ላይ አዲስ መንገድ ያልፋል። ልክ በስድስት ሰዓት ቤቱን የሚያፈርሰው ቢጫ ማሽን እንደሚመጣ ከሁለት ወር በፊት በደብዳቤ ተነግሯቸዋል። ከከተማው ማዶ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራይተዋል። አከራዩ ስለ እንስሳት ሲጠይቃቸው “ጥቂት ናቸው” ብለውት ነበር፤ እውነትም በቁጥር ጥቂት ናቸው።

ቀጥሎ የተጫነችው ድመቷ ናት። የፓስታ ካርቶን ውስጥ አስገብተው፣ መተንፈሻ ቀዳዳ አበጅተው፣ ክዳኑን በፕላስተር አሸጉት። ፕላስተሩ እንደ ተለጠፈ የቤቱ ማዕዘን ሁሉ ጠፋ። ግድግዳዎቹ እንደ እንስራ ሆድ ክብ ሆኑ። አርባ ዓመት ጥጉን ይዞ የኖረ ቁም ሣጥን የሚደገፍበት አጥቶ፣ ሰርግ ቤት ሳይጠሩት እንደ ገባ ሰው መሐል ወለል ላይ ቀረ። ወይዘሮ ይርገዱ ለሚለቁት ቤትም ቢሆን ቆሻሻ ትቶ መሄድ ነውር ነው ብለው ሲጠርጉ፣ አቧራው ክፍሉን ዞሮ ዞሮ እግራቸው ሥር ተመልሶ መጣ። በሦስተኛው ዙር መጥረጊያውን ጣሉት።

ውሻው ሲጫን ደግሞ ውስጥና ውጭ ጠፋ። የብረቱ በር በቦታው አለ፤ ነገር ግን የትኛው ወገኑ ግቢ፣ የትኛው መንገድ እንደ ሆነ የሚለይ ሰው አልተገኘም። ሽንኩርት የተሸከመች ሴት ወደ ገበያ ስትሄድ በመኝታ ቤታቸው አለፈች።

“ደህና አደራችሁ?” አለች፣ በአልጋው እግርጌ እየዞረች።

“እግዚአብሔር ይመስገን። እስኪ ሁለት ኪሎ መዝኚልኝ” አሏት ወይዘሮ ይርገዱ።

ከእሷ በኋላ ጥላ የያዙ ቄስ አለፉ፤ አልጋውን ባርከውት ሄዱ። አንድ ባጃጅም ሦስት ተሳፋሪ እንደ ጫነ በምድጃው በኩል አለፈ። ባለ ባጃጁ ጨዋ ልጅ ስለሆነ ጥሩንባ አልነፋም።

የቀሩት እሜቴ ናቸው።

እሜቴ ኤሊዋ ናቸው። እኚያን ኤሊ “አንቺ” ብሎ የጠራ ሰው በዚያ ሰፈር የለም፤ ዕድሜያቸው አይፈቅድም። በግቢው መሐል ከፓፓያው ሥር ይቀመጣሉ። ከአጠገባቸው በዱካ ላይ የወይዘሮ ይርገዱ ባል፣ አቶ እጅጉ፣ ተቀምጠዋል። አቶ እጅጉ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ከነቁበት ሰዓት ጀምሮ ከዚያች ዱካ አልተነሡም።

ሱልጣን የኩንታል ጆንያ ባንድ ትከሻው የሚሸከም ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ እጆቹን ከእሜቴ ሥር አስገባና ሳበ። እሜቴ አልተነሡም፤ የእሱ እግሮች ግን እስከ ቁርጭምጭሚቱ መሬት ውስጥ ገቡ።

“አቦ፣ ምን በልታ ነው?” አለ፣ ጫማውን ፈልጎ እያወጣ።

“በልተው ነው በል” አሉ አቶ እጅጉ።

አራት ወዛደሮች ተጨመሩ። አምስቱ “ሆ!” ብለው አንድ ላይ ሲያነሡ፣ እሜቴ አንድ ስንዝር ከፍ አሉ፤ መሬቱም አብሮ ተነሣ። ነጠላ ከመሐሉ ተይዞ ሲነሣ ጫፎቹ እንደሚሰበሰቡ ሁሉ፣ አጥሮቹ፣ የጎረቤት ማድ ቤቶች፣ የመብራት ምሰሶውም ወደ መሐል ተሰበሰቡ። ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ሴት ጮኸች።

“ኧረ ማነው ቤቴን የሚጎትተው! ድስቴ ከእሳት ላይ ወረደ እኮ!”

አወረዷቸው። ሰፈሩ ወደ ቦታው ተዘረጋ።

“በቃ ማዘር” አለ ሱልጣን፣ ላቡን እየጠረገ። “ይቺ... እኚህ ይቅሩ።”

“እሜቴ ካልሄዱ እኔ አልሄድም” አሉ አቶ እጅጉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

ወይዘሮ ይርገዱ የያዙትን ድስት መሬት ላይ አስቀመጡ። ከዚህ ሰው ጋር በትዳር ሃምሳ አንድ ዓመት ኖረዋል፤ አንዴ ከአፉ የወጣ ቃል ተመልሶ ሲገባ አላዩም። አንድ ጊዜ “ስኳር አልፈልግም” ብሎ ሠላሳ ዓመት ሻይ መራራውን ጠጥቷል። ሰዓቱ ወደ አራት እየሄደ ነው። ማሽኑ በስድስት ይመጣል፤ ይህ ሰውም በዱካው ላይ ይጠብቀዋል።

“አንቱ ሰውዬ፣ ማሽኑ ሲመጣ ምን ሊሉት ነው?”

“ምን እለዋለሁ? ሠላሳ ዓመት የነዳሁት ነው። አያይም።”

እውነት ነው፤ አቶ እጅጉ የግሬደር ሾፌር ነበሩ። ወይዘሮ ይርገዱ ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም። ነጠላቸውን አጣፍተው የዕድሩን ዳኛ፣ ጋሽ ዘርጋውን፣ ለማምጣት ወጡ፤ ወይም ገቡ።

ጋሽ ዘርጋው የወሰን ጠብ፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ አንድ ጊዜም የሁለት መንትዮችን የልደት ቀን ጠብ የፈቱ ሰው ናቸው። ጭራቸውን ይዘው በመኝታ ቤቱ በኩል መጡና ወንበር ቀረበላቸው።

“እስኪ በተራ ንገሩኝ። መጀመሪያ ማን ተጫነ?”

“አውራ ዶሮው” አሉ ወይዘሮ ይርገዱ።

“ከዚያስ?”

“ድመቷ። ከዚያ ውሻው።”

“ከዚህ ቤት በዕድሜ ታላቁ ማነው?”

ሁሉም ወደ ፓፓያው ሥር አዩ።

“ታላቅ ተቀምጠው ታናሽ ተነሣ!” አሉ ጋሽ ዘርጋው፣ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ እየመቱ። “ከማዕድ እንኳ ታላቅ ሳይነሣ እጁን የሚታጠብ አለ? ቤት ሲለቀቅ አይመረቅም? እሳቸው ቀድመው ቢወጡ ኖሮ ጠዋቱም ማዕዘኑም በሥርዓት በተከተላቸው። አሁን የምታደርጉት አንድ ነው። ድንጋይ ይምጣ።”

ያጠፋ ሰው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ከበደለው ሰው ፊት ይቀርባል፤ የተበደለው ምሬሃለሁ ካለ ድንጋዩን በገዛ እጁ ያወርድለታል። የዚያ አገር ሰው ይህን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልገውም። ወይዘሮ ይርገዱ ዶሮውን የጫንኩት እኔ ነኝ ብለው፣ የበሩን መደገፊያ ድንጋይ ሊያነሡ ጎንበስ አሉ።

ያን ጊዜ አቶ እጅጉ ከዱካቸው ተነሡ።

“ተዪው ይርጌ። ይሄ የኔ ነው።”

ድንጋዩን በትከሻቸው አደረጉት። ከእሜቴ ፊት ተንበረከኩ። እሜቴ ራሳቸውን ቀስ አድርገው አወጡ።

“እሜቴ” አሉ አቶ እጅጉ፣ “የዶሮውን አይደለም የምልዎት። ከመተሐራ ወዲያ፣ ሜዳው ላይ፣ መንገድ እየቀደድን ሳለን ከምላጩ ፊት ገቡብኝ። ማሽኑን አቆምኩ። ወረድኩ፣ አነሣሁዎት፣ በጆንያ አድርጌ ቤቴ አመጣሁዎት። አዳንኳቸው እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ወዴት እየሄዱ እንደ ነበር ግን አልጠየቅኩዎትም። ዛሬ ደግሞ ሁለተኛ ሳልጠይቅ ላነሣዎት አልችልም።”

ወይዘሮ ይርገዱ ይህን ወሬ ሃምሳ ዓመት ሰምተውታል። ሁልጊዜ “ቤቴ አመጣኋቸው” ላይ ያልቅ ነበር። የቀረውን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

“እሜቴ፣ ምን ይላሉ?” አሉ ጋሽ ዘርጋው።

እሜቴ ዝም አሉ። የኤሊ ዝምታ ደግሞ እንደ ሰው ዝምታ አጭር አይደለም። ከውጭ አምስት ሰዓት ሆነ። ወዛደሮቹ ቆመው አንቀላፉ፤ አንደኛው በሕልሙ ሰው ከሰሰ፣ ተረታ፣ ነቃ። የአቶ እጅጉ አንገት ከድንጋዩ ሥር እየጎበጠ ሄደ። ወይዘሮ ይርገዱ ባላቸውን ማየት ሲያቅታቸው ዓይናቸውን ወደ እሜቴ መለሱ፤ ያን ጊዜ ነው ያዩት።

“ጋሽ ዘርጋው፣ እሳቸውም እኮ ተሸክመዋል።”

ጋሽ ዘርጋው ጎንበስ ብለው አዩ። እሜቴ አንገታቸውን ደፍተው፣ ድንጋያቸውን፣ ያንን ቀፎ፣ በጀርባቸው ተሸክመው፣ ከአቶ እጅጉ ፊት ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደ ተሸከሙት የሚያውቅ አልነበረም። በአርባ ዓመት ዳኝነታቸው ሁለቱም ወገኖች ድንጋይ ይዘው የመጡበት ነገር ገጥሟቸው አያውቅም።

“ምን አጥፍተው ነው?” አለ ሱልጣን በሹክሹክታ።

“እሱን አልጠየቅናቸውም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሚያወርድላቸው አጥተው ነው” አሉ ጋሽ ዘርጋው። ቀጥለውም ፈረዱ። “እርስ በርስ ያውርዱ።”

እሜቴ አንገታቸውን ዘረጉ። አንገቱ ከዚያ ቀፎ ውስጥ ሊወጣ የማይችል ያህል ወጣ፤ ክንድ አለፈ፣ የአቶ እጅጉን ትከሻ ደረሰና ድንጋዩን በአፍንጫቸው ገፋ አደረጉት። ድንጋዩ ወደቀ፤ ሲወድቅ ድምፅ አልነበረውም። አቶ እጅጉም ሁለት እጆቻቸውን ዘርግተው የእሜቴን ድንጋይ ያዙ። አምስት ሰው ያቃተው ነገር እንደ ሰፌድ ቀለላቸው፤ አነሡት።

ከሥሩ ኤሊ አልነበረም። ከሥሩ መሬት ነበር፤ የአዳማ አቧራ ሳይሆን ዝናብ የጠጣ ቀይ አፈር፣ ሣር የበቀለበት። መጀመሪያ ትሪ ያህል ነበር። ከዚያ ምንጣፍ አከለ። ከዚያ ፓፓያውን አልፎ ሄደ። ግራር ብቅ አለ፣ ከዚያ ሌላ ግራር፣ ከዚያ መቁጠር የማይቻል ግራር። አንድ ሳላ የሚሉት የሜዳ እንስሳ ረጅም ቀንዱን በልብስ ማስጫው ገመድ በኩል አሳልፎ ሣር መጋጥ ጀመረ። ቤቱ አልፈረሰም፤ ራቀ። ማድ ቤቱም፣ ክብ የሆነው ሳሎንም፣ የቀረው ቁም ሣጥንም ሳይነኩ እየራቁ፣ እያነሱ፣ ከሜዳው ጫፍ እንደ ክብሪት ሣጥን ታዩ። ከእነሱም ወዲያ ሜዳው ገና አላለቀም፤ ደመናው ጥላውን እየጎተተበት ሁለት ቀን በፈረስ ወደሚያስኬደው ተራራ ይሄዳል። ከዚያ የነጎድጓድ ድምፅ መጣ፤ ሩቅ ስለሆነ ዘግይቶ ደረሰ።

ወዛደሮቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለሚኒስትርም አልነሣም ይሉ የነበሩት ጋሽ ዘርጋው ከወንበራቸው ተነሡ። ወይዘሮ ይርገዱ ተንበርክከው ሣሩን በመዳፋቸው ዳበሱ። እርጥብ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጎመን እየከተፉ የሰጧቸው እንስሳ ይህን ሁሉ ይዘው ከፓፓያ ሥር ተቀምጠው ኖረዋል፤ አንድ ቀን እንኳ አላወሩም።

አቶ እጅጉ ቀፎውን ሣሩ ላይ በቀስታ አኖሩት። ሲቆሙ ጀርባቸው ቀጥ አለ። የሚስታቸውን እጅ ያዙ።

“በይ ይርጌ፣ እንሂድ። እሳቸው ደርሰዋል።”

በስድስት ሰዓት ቢጫው ማሽን መጣ። ሾፌሩ ወረቀቱን አየ፣ ሜዳውን አየ፣ ቤቱን በጣም ሩቅ አየና ወደዚያው ነዳ። እስከ ዛሬ አልደረሰም። ደህና ነው ይባላል፤ ሚስቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ ትልክለታለች።

አዲሱ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዶሮው ሲወርድ ጠዋቱ አብሮ ወረደ። ድመቷ ከካርቶን እንደ ወጣች ክፍሎቹን ዞራ አሸተተች፤ ማዕዘኖቹ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ውሻው ደጃፉ ላይ ተኛና ውስጥና ውጭ ተለየ። አቶ እጅጉ ሻያቸውን በስኳር ጠየቁ።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ ወይዘሮ ይርገዱ ከገበያ ሲመለሱ ከሕንፃው የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ሣር አገኙ። ጤዛ ነበረበት። ረቡዕ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነበር። በቀን አንድ ደረጃ ይወጣል፤ አይቸኩልም፣ አያርፍም። ሣሩን የሚረግጥ ሰው የለም፤ ሁሉም ግድግዳውን ታክኮ ያልፋል። የአንደኛው ፎቅ ተከራዮች ሲደርስባቸው ምሳቸውን አቋርጠው ብድግ አሉለት። የሁለተኛውም እንዲሁ። የሦስተኛው ፎቅ ሰዎች ሲጣሉ የሚውሉ ናቸው፤ እነሱም ዝም ብለው ተነሡ።

አቶ እጅጉ በየጠዋቱ ጢማቸውን ይላጫሉ፤ ወንበራቸውንም ወደ በሩ አዙረዋል።

ትናንት ከቀትር በኋላ ወይዘሮ ይርገዱ ምስር እየለቀሙ ሳለ ከፊት ለፊታቸው ካለው ቤት ወንበር ሲገፋ ሰሙ፤ አንዲት ሴትም “ኖር!” ስትል። በበራቸው ሥር የዝናብ ሽታ ገባ። ውሻው ከደጃፉ ተነሥቶ መንገድ ለቀቀ። ወይዘሮ ይርገዱ የምስሩን ሰፌድ አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ከባላቸው አጠገብ ቆሙ።

“ኖር” አሉ ሁለቱም።

ከበሩ ወዲያ፣ የሁለት ቀን መንገድ ከሚያህል ርቀት፣ አንድ ድምፅ “በእግዜር” አለ።

ዘግይቶ ደረሰ።