ሊማሊሞን ያልወረደችው መኪና

እሌኒ ስህተቱን ያየችው በሠልስቱ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሰው ሁሉ አይቶት ጨርሷል። ከእድሩ ድንኳን መግቢያ በተሰቀለው ትልቅ ባነር ላይ ባሏ አለነ ጋቢውን ለብሶ ፈገግ ብሏል፤ ከሥሩ ስሙና ዕድሜው ተጽፏል። ቀኝ እጁ ያረፈው ግን አንዲት ቀይ መኪና ላይ ነበር። መሬት የምትልስ፣ ከወገቡ በታች የቀረች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና።

ሁለት ቀን ሙሉ ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ስባ ስለዋለች ቀና ብላ አላየችም። በሁለቱ ቀን የዳባት ዘመድ መጥቶ ሄዷል፤ የኮሶዬም መጥቶ ሄዷል።

«አውርዱልኝ» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችውን ጎረቤቷን አበባየሁን።

«አሁን ቢወርድ ይብሳል እቴ» አለች አበባየሁ አፏን በነጠላዋ ከልላ። «ምን ሊደብቁ ነው ይሉናል።»

ፎቶውን የሰጠው ልጇ ቃለ አብ ነበር። አለነ ባረፈ ዕለት ለባነር የሚሆን ፎቶ አምጣ ቢሉት፣ እንባ ባቀረረ ዓይኑ ስልኩን ሲያገላብጥ አባቱ የሚስቅበትን አገኘና ላከ። ለፋሲካ አባትና ልጅ ሲቀልዱ በስልክ ያቀናበሩት መሆኑን ያስታወሰው ከተሰቀለ በኋላ ነው።

ወሬው ግን መንገድ ጀምሮ ነበር። ጠዋት አለነ መኪና ገዝቶ ኖሯል ተባለ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የገደለችው መኪናዋ ናት ተባለ። አልቃሿ እንኳ ከወሬው ተቀብላ፣

ሃያ ዓመት ሙሉ ሊማሊሞ ወርዶ፣
ቀይዋን ከደጅ ትቶ በእግሩ ሄደ ማልዶ።

ስትል ድንኳኑ በሙሉ አነባ። እሌኒም አነባች፤ ውሸት መሆኑን እያወቀች።

የአለነ አክስት እማሆይ ሸጊቱ ከጊች ማዶ በበቅሎ የደረሱት በአራተኛው ቀን ነው። ባነሩን በመቋሚያቸው ጫፍ ነካ አደረጉና መኪናዋ የት እንደቆመች ጠየቁ። ልጁንም ሳታስከትል ጠበል ሊያስረጩባት ኖሯል።

«መኪና የለችም እማሆይ። ሥዕል ናት» አለች እሌኒ።

«እንግዲያ በሥዕል ነው የሞተው?»

«ልቡ ነው። ሐኪሙ ልቡ ነው ብሏል።»

እማሆይ መቋሚያቸውን ከድንኳኑ ምሰሶ አስደገፉ። «ልቡንስ ማን ወሰደው?» አሉና ገብተው ተቀመጡ።

አለነ የሞተው ማክሰኞ ጠዋት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር ነው። ሃያ ዓመት የጭነት መኪና ይዞ ከደባርቅ አዲ አርቃይ ሲመላለስ፣ እሷ ሞቱን የጠበቀችው ከሊማሊሞ ቁልቁለት ነበር። የሚወርድበትን ሰዓት ታውቃለች። ስልኩ የሚጠፋበትን ኩርባ ታውቃለች። ከታች ደርሻለሁ ብሎ እስኪደውል እህል አይወርድላትም፤ ስልኩ ሲጮኽ ደግሞ የሌላ ሰው ድምፅ እንዳይሆን እየፈራች ታነሳዋለች። እሱ ይስቅባት ነበር። አንቺ እኮ እኔን በዓመት መቶ ጊዜ ትቀብሪኛለሽ ይላታል። ይኸው መቶ ጊዜ ቀብራው፣ የእውነቱ ቀን ሲመጣ ጀርባዋን ሰጥታ ሻይ ትቀዳ ነበር።

አሁን ፍርሃቱ ባለቤት አጥቶ አልቀረም። ወደ ቃለ አብ ዞረ።

ቃለ አብ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሁለት ዓመት የአባቱ ረዳት ሆኖ ዳገት ላይ መኪናው በቆመ ቁጥር ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ ሲያደርግ ኖሯል፤ መንጃ ፈቃዱን ያወጣው ዘንድሮ ነው። የቀይዋን መኪና ወሬ ቤት ያመጣውም እሱ ነው። አዲስ የወጣች ናት አለ። ዓለም ወደ ኤሌክትሪክ ሲሮጥ በቤንዚን የምትሄድ፣ ማርሿ በእጅ የሚገባ፣ ክብደቷ አንድ ሺህ ኪሎ የማይሞላ። ኮምፒውተር አያግዛትም፤ የሚነዳት ሰው ነው። አለነ ከጉዞ ገብቶ እራት ሲበላ ቀኝ እጁ ወጥ እንደነካው ስልኩን በግራው ይቀበላል። አንድ ማታ ቃለ አብ የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን እያዘነ ሲነግረው፣ አለነ ጉርሻውን ውጦ፣ «እሷም አገራችን አትገባ፣ እኔም አገሯ አልገባ። ተራርቀን እንዋደድ» አለ። አባትና ልጅ እስኪያስላቸው ሳቁ። እሌኒ ከጓዳ ሰምታ አልሳቀችም። ልጁ ፍጥነት ሲወድ አባቱ የሚመርቀው መስሏት ነበር።

በአምስተኛው ቀን የጭነት መኪናው ባለቤት አቶ ዋሴ መጡ። መኪናው ገብስ እንደተጫነ ቆሞ ነበር። እሳቸው በወጉ አለቀሱ፤ እንባቸውን ጠርገው ንፍሮ ዘገኑ፤ ባነሩንም አይተው እቺ ስንት ኩንታል ትጭናለች ብለው ጠየቁ። ለቅሶ ከመጡት ሹፌሮች አንዱ ሹፌሯን ብቻ ነው ሲላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቃለ አብን ይዘው ወደ አጥሩ ወጡና ረጅም ጊዜ ቆሙ።

እሌኒ ሲመለሱ ጠብቃ አገኘቻቸው። አቶ ዋሴ አልደበቁም። ከሰባቱ ማግስት ንጋት ላይ መሪውን እንዲይዝላቸው ጠይቀውታል። የአባቱ እግር አለው፤ በዚያ ቁልቁለት ሌላ የሚያምኑት ሰው የለም።

«አንዱን እግዜር ወስዶብኛል ጋሼ» አለች። «ሁለተኛውን እርስዎ አይውሰዱብኝ።»

አቶ ዋሴ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩት። «እኔ አላስገድደውም እሌኒ። መልሱ የሱ ነው።»

ከዚያ በኋላ አጽናኞቿ የሚሏትን አትሰማም ነበር። ነፍስ ይማር ሲሏት አሜን ትላለች፤ ዓይኗ ግን ልጇ ላይ ነው። ቃለ አብ ከሽማግሌዎቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ግራ እግሩ መሬቱን ቀስ ብሎ ይጫናል፤ ቀስ ብሎ ይለቃል። የማርሽ መቀየሪያውን ፍሪሲዮን መርገጡ ነው። ልጁ ሳያውቀው ሊማሊሞን እየወረደ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ከጓሮ የሞተር ጩኸት ሰማች። ድምፁ እንደ ጅራፍ ወጣ፤ ወረደ፤ እንደገና ወጣ። ከምንጣፉ ተነስታ በባዶ እግሯ ሮጠች። ለቀስተኛው አዲስ ሐዘን የያዛት መስሎት ዋይ እያለ ተከተላት። ጓሮ ግን መኪና አልነበረም። ቃለ አብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይዟል፤ ጩኸቱ ከስልኩ ነው። አበባየሁ ሰዎቹን በልመና መለሰቻቸው።

«በአባትህ ለቅሶ ላይ?» አለችው እሌኒ። «አባትህ ሳይቀዘቅዝ ፍጥነት ታያለህ?»

«ፍጥነት የምወደው እኔ ነኝ እማዬ። አባዬ የሚያየው ይኼን ነበር።»

ስልኩን ወደ እሷ አዞረው። ቀይዋ መኪና እየጮኸች ወደ ኩርባው ትመጣለች። ገደል ውስጥ ትገባለች ስትል፣ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ ሰብሰብ ትልና ትታጠፋለች። አለነ ይህችን ቦታ ብቻ መልስልኝ ይለው እንደነበር ነገራት። ሌላውን አይቶት አያውቅም።

«‹አየሃት፣ ሰው እግሩን ሲያሳርፍ ወዲያው ሰማች› ይለኛል። ‹የኛው ጭነት አይሰማም። ትለምነዋለህ እንጂ አታዘውም።›»

እሌኒ ስልኩን ሳይሆን የልጇን ፊት አየች።

«ይፈራ ነበር?»

«በየኩርባው። ገና ከላይ ስንነሳ መዳፉ ያልበዋል። ለእናትህ እንዳትነግር፣ እሷ የራሷ ይበቃታል ብሎኛል።»

ከአጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሃያ ዓመት ብቻዋን የፈራች ይመስላት ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ እሱ ከገደሉ አፋፍ፣ እሷ ከምድጃው አጠገብ፣ አንድ ነገር ሲፈሩ ኖረዋል። አንድ ቀን እንኳ ተያይተው አልፈሩም።

«አንተስ?» አለችው።

«እኔማ ከሱ እብሳለሁ።» ቃለ አብ ስልኩን አጠፋው። «ለጋሽ ዋሴ ግን እሺ ብያቸዋለሁ።»

እንድትጮኽበት የጠበቀ ይመስል አንገቱን ደፋ። እሷ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች።

በሰባቱ ድንኳኑ ተነቀለ። እማሆይ በቅሏቸው ላይ ወጥተው ባረኳቸውና ሄዱ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የቀረችው አበባየሁ ብቻ ነበረች። እሷም ስትወጣ ወደ እሌኒ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ በሩን ቆልፊና ቁልፉን ትራስሽ ሥር ሸጉጪው፣ ልጁ መክፈቻ ሲያጣ ሰዓቱ ያልፍበታል፣ ዋሴም ሌላ ሰው ይፈልጋል አለቻት። እሌኒ ይህን ከትናንት ጀምሮ ስታስበው ነበር። እንዲያውም ትራሷን አንስታ ቦታውን አይታዋለች።

ቃለ አብ ማልዶ ሊነሳ ገና በጊዜ ተኝቷል። ከበሩ አጠገብ ያነጠፈው ፍራሽ ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። መተኛቱንና አለመተኛቱን መለየት አልቻለችም።

የሐዘን ቤት በር አይቆለፍምና ሰባቱን ሌሊት ገርበብ ብሎ ነበር ያደረው። እሌኒ ገፋችውና ገጠመችው። ቁልፉን ከተተች፤ አንዴ፣ ሁለቴ አዞረችው። መቆለፉን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ አረጋገጠች። ከዚያ ቁልፉን ከቀዳዳው ሳታወጣ እጇን አነሳች።