ምንም የማይሆንበት ፊልም

ስልኩ የጮኸው አቶ ታፈሰ ስለ ኢዮብ ትዕግሥት ተናግረው ሳይጨርሱ ነው። ድንኳኑ ጸጥ ባለበት ሰዓት ከዘርአብሩክ ኪስ የአኮርዲዮን ዜማ ተስፈንጥሮ ወጣ፤ ፈጠን ያለ፣ የፈነደቀ፣ ልጃገረዶች በጃፓንኛ የሚዘፍኑት ዜማ። ዘርአብሩክ እጁን ሰደደ። ስልኩ ከለበሰው ጋቢ ጋር ተጠላልፎ አልወጣ አለው፤ በጎተተው ቁጥር ዘፈኑ እየጠራ መጣ። ለቀስተኛው አንገቱን አዞረ። ከሴቶቹ ወገን አንዷ «ኧረ በስማም!» አለች።

እንደ ምንም አውጥቶ ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«ዘሩ፣ ዛሬ ኳስ አለ እንዴ?» አለ አንድ የቪዲዮ ቤቱ ደንበኛ፣ መርዶውን ያልሰማ።

«የለም» ብሎ ዘጋው።

«ልጄ» አሉ አቶ ታፈሰ። የዕድሩ ዳኛ ናቸው፤ ቁጣቸውን ዋጥ አደረጉት። «ይኼ እኮ የሐዘን ቤት ነው።»

«ይቅርታ፣ ጋሼ።»

ዘፈኑን እሱ አልመረጠውም። እኅቱ ሳሌም ናት አንድ ቀን ስልኩን ሰርቃ የጫነችበት፤ እሱም ሲሳደብ ከርሞ ሳያጠፋው ቀረ። አሁን ሳሌም ከድንበሩ ማዶ፣ በኢትዮጵያው ሞያሌ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀብራለች። አስከሬኗ ሲሻገር የኬላው ፖሊሶች ከሁለቱም ወገን ኮፍያቸውን አውልቀው ነበር የቆሙት።

እናታቸው ወርቅአየሁ ከቀብር ወዲህ ከፍራሹ አልተነሣችም። ለመጣው ሁሉ አንገቷን ትነቀንቃለች እንጂ ቃል አይወጣትም። አሁን ግን ቀና አለች።

«ይቺ የሳሌም ዘፈን አይደለችም?»

«ናት፣ እማዬ።»

መልሳ አቀረቀረች። አቶ ታፈሰም ኢዮብን ካቆሙበት ቀጠሉ።

ዘርአብሩክ በኬንያው ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር፣ ቪዲዮ ቤት አለው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወንበሩ ጣውላ ነው፤ ሰው የሚመጣው ግን ለአፉ ነው። ማይክ ይዞ ከስክሪኑ ጎን ይቆምና ፊልሙን እያስኬደ ይተረጉመዋል፤ አማርኛውን በስዋሂሊ እያዋዛ፣ ቀልዱን በኦሮምኛ እየጣለ። ከጎዶማ መንደር ፍየል ሊሸጡ የመጡ ሰዎች ገበያቸውን ጨርሰው እሱን ሰምተው ነው የሚመለሱት። ስለ ፊልም አንድ ሕግ ነበረው። «ሻይህ ሳይቀዘቅዝ አንድ ሰው ካልሞተበት ፊልም አይደለም» ይላል።

ሳሌም ልቧ ታማሚ ነበር። በልጅነቷ የያዛት የጉሮሮ በሽታ ወደ ልቧ ዘልቆ አንዱን በር እንዳበላሸው ሐኪም ነግሯቸዋል፤ ለቀዶ ጥገናው ናይሮቢ ተራ ትጠብቅ ነበር። ፎርም ቱ፣ አሥረኛ ክፍል፣ ስትገባ ትምህርት ቤት ድረስ መራመዱ አቃታት። ቤት በዋለችባቸው ወራት ጓደኛዋ ፈርሂያ ከአጎቷ ልጅ ያገኘችውን ፍላሽ አመጣችላት። ውስጡ የጃፓን ካርቱን ነበር።

ዘርአብሩክ የመጀመሪያ ቀን በር ላይ ቆሞ አንዱን ክፍል አየው። በአንዲት የባሕር ዳር ከተማ ሦስት ተማሪዎች አሉ። ከትምህርት በኋላ በአሮጌ ባቡር ጣቢያ መጠበቂያ ክፍል ይሰበሰባሉ። አንዷ አኮርዲዮን፣ አንዷ ጊታር ትጫወታለች፤ ሦስተኛዋ የእንጨት ሣጥን ላይ ተቀምጣ ትደልቃለች። በዚያን ዕለት የአኮርዲዮኑ ማንገቻ ጠፍቶባቸው ሲፈልጉ ዋሉ። አገኙት። አለቀ።

«እና?» አላት።

«እና ምን?»

«ባለጋራው የታለ?»

«ባለጋራ የለም።»

«ታዲያ ምን ይሆናሉ?»

«ይለማመዳሉ። ዳቦ ይበላሉ። ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።»

«ይኼማ ፊልም አይደለም፤ የሰው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ማፍጠጥ ነው!»

ሳሌም እስክታለከልክ ሳቀች።

ፈርሂያና የሰፈሩ ልጆች ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ አንብበው አይደርሱበትም ነበርና ሳሌም አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንዲተረጉምላቸው ለመነችው። እሺ አለ። እሺ ብሎ ግን በራሱ መንገድ ሄደበት። የጣቢያውን ሽማግሌ ዘበኛ ኮንትሮባንዲስት አደረገው፤ አኮርዲዮኑ ውስጥ ጫት ደበቀበት፤ ልጆቹ ዝም ብለው ባሕሩን በሚያዩበት ቦታ ሁሉ ፖሊስ አስመጣባቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳሌም ብቻ አልሳቀችም።

«ዝም ሲሉ አንተም ዝም በል» አለችው ሲወጡ።

«ሰው ይሰለቸዋላ!»

«ይሰልቸው። ዘሩዬ፣ እነዚህ ልጆች ጣቢያው ድረስ በእግራቸው ይሄዳሉ እኮ። ዳገት ወጥተው ይመጡና ወዲያው ይዘፍናሉ። አንተ ምንም አልሆነም ትላለህ…» ትንፋሽ አጥሯት ግድግዳውን ተደገፈች። የጀመረችውን አልጨረሰችውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድም ነገር ሳይጨምር ተረጎመው። ልጃገረዶቹ ሲጫወቱ ማይኩን አስቀመጠ። የሰለቸው ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላማ እሱ ራሱ ባሰበት። ጊታር ተጫዋቿ ጓደኛዋን ያኮረፈች ዕለት ከሳሌም ጋር እራት ላይ ተከራከሩ፤ እሱ ለአኩራፊዋ፣ ሳሌም ለሌላዋ። ወርቅአየሁ ወጡን እያወጣች «የማን ልጅ ናት የምታወሩላት? ከዚህ ሰፈር ናት?» ስትል ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ።

አሁን ፈርሂያ ከእናቷ ጋር መጥታ ጓሮ ስኒ ታጥባለች። ድንኳኑ ከተጣለ ጀምሮ ቀርታ አታውቅም። ዘርአብሩክ ውኃ ሊቀዳ ሲወጣ እጇን ሳታቆም አናገረችው።

«ዘሩ፣ ሰብር ይስጥህ።»

«አሜን።»

«ልጆቹ ስለ ቅዳሜው ፊልም ጠየቁኝ። እንዴት አሁን ይጠየቃል ብዬ ተቆጣኋቸው፣ ዋላሂ። ግን… አንድ ቀን ግን ትከፍትልናለህ አይደል? ሳሌም ሣጥን የምትደልቀዋ አንቺ ነሽ ትለኝ ነበር።»

«ያንን ነገር ሁለተኛ አታንሺብኝ።»

ፈርሂያ ደንግጣ አየችው። እሱም ያወጣው ድምፅ ለራሱ ከበደው። ባልዲውን ባዶውን ይዞ ተመለሰ።

ፍላሹ ከቀብር ዕለት ጀምሮ ሱሪ ኪሱ ውስጥ ነው። ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት ሊጥለው ሄዶ ሁለቱንም ጊዜ ይዞት ተመልሷል። ከፍላሹ ጋር ምን እንዳጣላው ለማንም አልተናገረም። ስለ አሟሟቷ ለጠየቀው ሁሉ «መንገድ ላይ፣ ጎልቦ ሜዳ ስንደርስ፣ እንቅልፍ ወሰዳትና በዚያው…» ይላል። ሰው ከዚያ በላይ አይገፋም። «ፖሌ፣ አይዞህ» ብሎ ትከሻውን ይዞ ያልፋል።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ አለ። ወንዶቹ ወደየሱቃቸው ሄዱ፤ ሴቶቹ ጓሮ ናቸው። ወርቅአየሁ ልጇን በእጇ ጠቅሳ ጠራችው።

«ያንን ፊልም አሳየኝ።»

«የቱን?»

«የሳሌምን።»

«እማዬ፣ ሐዘን ላይ ሆነን… ዘፈን እኮ ነው። ሰው ምን ይላል?»

«ድምፁን አጥፋው።» እጁን ለቀም አደረገችው። «ከግድግዳው ወዲያ ሆና ስትስቅ እሰማታለሁ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ነገ ገብቼ ምን እንደሚያስቃት አያለሁ እላለሁ። እንዲሁ እንዳልኩ ልጄ ሄደች። ምን እንደሚያስቃት አላውቅም፣ ዘርአብሩክ።»

«አልችልም።»

«ለምን?»

ዘርአብሩክ ፍራሹ ላይ ተቀመጠ። ብዙ ሰው ፊት ቆሞ ሲያወራ የኖረ ሰው ነው፤ ይቺን ለአንዲት እናቱ መናገር ግን ከበደው።

«ማርሳቢት ሆስፒታል ልናደርሳት ስንሄድ፣ ከኋላ ወንበር ትከሻዬን ተደግፋ ነበር። ጎልቦ ሜዳው ላይ ነቃ አለች። ንገረኝ አለችኝ። ምኑን ስላት፣ ባቡሩ የዘገየበትን ቀን አለች። ፊልሙን ነው። ነገርኳት። ዝናብ ነው፣ ባቡሩ አልመጣም፣ ልጆቹ አንድ ዳቦ ለሦስት ይካፈላሉ ስል፣ ዓይኗን ሳትገልጥ አረመችኝ።»

«ምን አለችህ?»

«‹ዳቦው ውስጡ ባቄላ አለው እኮ› አለች።»

«ባቄላ?»

«ጣፋጭ ባቄላ። እነሱ አገር እንደዚያ ይሠራሉ።»

ወርቅአየሁ ወደ እሱ ጠጋ አለች።

«እኔም እሺ፣ ባቄላ አለው ብዬ ቀጠልኩ። እነሱ ዝም በሚሉበት ዝም እያልኩ፣ እንደምትወደው። ብቻዬን አወራሁ፣ አወራሁ። አዳን የሚባለው ሹፌር በመስታወት አይቶ መኪናውን ቀስ ብሎ ዳር አስያዘ። ምነው ቆምክ ስለው ዞሮ እሷን አየ። ያኔ ነው ያወቅሁት። የት ላይ እንደሄደች እንኳን አላውቅም፣ እማዬ። ምንም የማይሆንበት ታሪክ አይደል፤ እያወራሁ አለፈኝ። ደህና ፊልም ቢሆን ኖሮ ትጮህ ነበር፣ ትደነግጥ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር።»

ከጓሮ የስኒ ኳኳታ ይሰማል። ወርቅአየሁ ጥቁር መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ፣ ከቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች።

«እንግዲያው ልጄ እያዳመጠች ነው የሄደችው» አለች። «ና አሳየኝ።»

ጓዳ ገብተው በሩን መለሱ። አሮጌውን ላፕቶፕ ከአልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ አደረገው፤ እነሱ መሬት ተቀመጡ። ድምፁን አጠፋ። ባቡሩ የዘገየበትን ቀን ከፈተ።

በሹክሹክታ መተርጎም ጀመረ። ይቺ ጊታሯን ትቃኛለች፤ ያቺኛዋ ‹ጓደኛችን ለምን ዘገየች?› ትላለች። ወርቅአየሁ እየጠየቀች ታቋርጠዋለች፤ ተመልካች እንደሷ የጠየቀው የለም።

«የዚህችስ እናት የታለች?»

«ሥራ ላይ ናት። አትታይም።»

«ከዚህ ወጥታ በደህና ቤቷ ትገባለች?»

«ሁልጊዜ ትገባለች።»

«ማን ይሸኛታል?»

«ማንም። ብቻዋን ናት የምትሄደው።»

«ያን ሁሉ ዳገት?»

«አዎ።»

ሁለቱ ልጆች የሦስተኛዋን ድርሻ አስቀርተው ዳቦውን ሲቆርሱ፣ ውስጡ ጠቆር ያለው ባቄላ ሲታይ፣ ከወርቅአየሁ አፍንጫ አጭር ትንፋሽ ወጣ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ዘርአብሩክ አልለየውም። ቀጥሎ ሁለቱ መጫወት ጀመሩ። ጣቶች ክሩ ላይ ይሮጣሉ፣ መዳፎች ሣጥኑን ይደልቃሉ፤ ከላፕቶፑ የሚወጣው ግን የአየር ማራገቢያው እሪታ ብቻ ነው።

«አሁንስ ምን ይላሉ?»

አፉን ከፈተ። ስንቱን ጥይትና ስንቱን ፍንዳታ በአፉ ያሰማ ሰው ለዚህ ቃል አጣ።

«ሦስተኛዋን እየጠበቁ ነው» አለ በመጨረሻ። «እሷ የምትገባበትን ቦታ ክፍት ትተው ይጫወታሉ።»

«ትመጣለች?»

«ትመጣለች። ይኸውልሽ።»

የመጠበቂያው ክፍል በር ተከፈተ። አኮርዲዮን ተጫዋቿ ደፉ ላይ ቆመች። መሣሪያዋን በኮቷ ጠቅልላ አቅፋዋለች፤ እሷ ራሷ ግን በስብሳለች። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ ውኃው በጉንጮቿ ይወርዳል። እየሳቀች ነው። ስክሪኑን ሞልታ ቀጥ ብላ አየቻቸው።

«ይቅርታ፣ ዘገየሁ ትላለች» አለ ዘርአብሩክ።

ወርቅአየሁ በጉልበቷ ወደ ፊት ተሳበች። የነጠላዋን ጫፍ በጣቶቿ ሰብስባ ስክሪኑ ላይ የልጅቷን ግንባር ጠረገች። ከዚያ ጉንጮቿን፣ አንዱን ቀጥሎም ሌላውን፣ ቀስ ብላ።

ዘርአብሩክ ምስሉ እንዳያልፍባት እጁን ዘርግቶ ፊልሙን አቆመላት።