ሁለት ሰከንድ

በሳሙና ፋብሪካው ውስጥ አባቷን ሁሉም «ጎረምሳው» ይሏቸዋል። ስሙ የወጣላቸው ለሹፈት ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ሹመት ተቀበሉት። ከክምሩ ባዶ ካርቶን አንስተው፣ ሦስተኛው ማሽን አሥራ ሁለት ሳሙና ገፍቶ ከመጣሉ በፊት ከሥሩ ይደቅናሉ። አንድም ሳሙና መሬት ወድቆባቸው አያውቅም። «ጉልበትማ የኔ ነው!» ይላሉ።

ማሽኖቹን የሚያዘውን ፕሮግራም የጻፈው ታላቅ ወንድሟ፣ ዓምና ታሞ ሞተ። እሷ ሙያውን መማር የጀመረችው ናፍቆቱ ቢያንገበግባት ነው፤ የጻፈውን ስታነብ የሚያናግራት ይመስላታል። በየመስመሩ ሥር ማብራሪያ ትቷል። «በሩ ሳይዘጋ ሞተሩ እንዳይነሳ»፣ «እዚህ ጋ ቀበቶው ስለሚንሸራተት ቀስ በሉ»።

አለቃው ለመቀጠር ፈተና ሰጣት። «ሦስተኛው ማሽን ከሁለቱ ይዘገያል። ምክንያቱን ፈልጊ።»

አገኘችው። ማሽኑ ከመግፋቱ በፊት ሁለት ሰከንድ ቆሞ ይጠብቃል። ምን እንደሚጠብቅ ግን አልተጻፈም። ያ ማብራሪያ ወዳድ እዚህ ላይ ዝም ብሏል። ረስቶት ይሆናል አለችና ሰረዘችው።

በማግሥቱ ተቀጠረች። አባቷ እያገላበጡ ሳሟት። የነካችው የሳቸውን ማሽን መሆኑን አልነገረቻቸውም፤ ምርቱ ሲጨምር በራሱ ያስደስታቸዋል ብላ።

በሳምንቱ አባቷ እራት አልበላም አሉ።

«ልጄ፣ ሰው በአንድ ሳምንት ያረጃል እንዴ?»

«ምነው አባዬ?»

«እግሬ ከዳኝ። ሳሙናው እየቀደመኝ መሬት ለመሬት ስለቅም ዋልኩ። መሳቂያ ሳልሆን ልውጣ ብዬ መልቀቂያ አስገባሁ።»

ክው አለች። በጠዋት ሄዳ ወንድሟ ያስቀመጣቸውን የቆዩ ቅጂዎች ከፈተች። በመጀመሪያው ዓመት መጠበቂያ የለም። በሁለተኛው ግማሽ ሰከንድ፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ አንድ ተኩል፣ በመጨረሻ ሁለት። የአባቱ ጉልበት በደከመ ቁጥር፣ እሳቸውም ሳይነቁ፣ በትንሽ በትንሹ ሲጨምርላቸው ኖሯል። ማብራሪያ ቢጽፍ አለቃው ያነበው ነበር።

ወደ አለቃው ሮጠች። ደብዳቤው እንዲመለስላቸው ለመነችው።

«ተቀብለነዋል። በቦታቸውም ሰው ቀጥረናል» አላት።

በመጨረሻው የሥራ ቀናቸው፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ሁለቱን ሰከንድ መለሰችላቸው። ማታ አባቷ ፊታቸው በርቶ ወጡ።

«አየሽልኝ? አንድ ሳሙና አልወደቀብኝም! ለካ ድካም ነበር። ትንሽ ብታገሥ ምን ነበረበት? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እኔ ነኝ።»

ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ብትነግራቸው ጉልበታቸው የሟች ልጃቸው ሥራ እንደነበር ሊያውቁ ነው፤ ባትነግራቸው ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን በመቸኮላቸው ሊጸጸቱ። እንባዋ ቀደማት።

«ምን ሆንሽብኝ?»

«ወንድሜ ናፈቀኝ።»

«እኔንም» አሉ። ክንዷን ያዙና የፋብሪካውን ደረጃ አንድ በአንድ ወረዱ፤ እሷም በየደረጃው እየቆመች ጠበቀቻቸው።