በአረብኛ የሚቆጥር ጋኔን

ቀኝ ክንዴን የጎዳችው እዚህ አረብ አገር፣ ሐምራ በሚባለው ሰፈር በቤት ሠራተኝነት የማገለግላት ማዳሜ ናት። በረንዳ ላይ ምንጣፍ ስመታ ዘገየሽ ብላ ክንዴን ወደ ኋላ ጠምዝዛ ጎተተችኝ፤ ከአንገቴ ሥር አንድ ነገር ቋ አለ። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ ከአንገቴ ተነስቶ እስከ ጣቶቼ እንደ እሳት ይወርዳል። የሰጠችኝን ኪኒን ስውጥ ከረምኩና ደም አስታወከኝ።

«ኸላስ፣ አበቃ» አለችኝ፤ «እስከ ፋሲካ መጋረጃ መስቀል ካልቻልሽ ወደ መክተብ ትመለሻለሽ።»

መክተብ ማለት ለሥራ ያስመጡን ሰዎች ቢሮ ነው። የተመለሰችን ልጅ በቀበቶ ነው የሚቀበሏት።

መላ የሰጠኝ ሱሩር ነው፤ የማዳሜን እናት እግር ሊያሠራ የሚመጣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ። በግራ እጄ ሻይ ሳቀርብለት አየና ወጥ ቤት ድረስ ተከተለኝ።

«ኪኒኑን ተይው። አገጭሽን ወደ ኋላ ሳቢ፣ ትከሻሽን ጨምቂ፣ በጣቶችሽ ግድግዳውን እየረገጥሽ ወደ ላይ ውጪ። ያማል። ግን በየቀኑ። አንድ ቀን ከዘለልሽ ያኒ… ማለቴ ወደ ኋላ ነሽ።»

አልዘለልኩም። ጥርሴን ነክሼ፣ እሱ እንዳስቆጠረኝ በአረብኛ እየቆጠርኩ፣ የማዳሜን ግድግዳ ቧጠጥኩት። ጣቶቼ ከወገቤ እስከ ትከሻዬ፣ ከትከሻዬ እስከ ጆሮዬ፣ በስንት ለቅሶ ግንባሬ ጋ ደረሱ።

እሁድ ሲፈቀድልኝ ካራንቲና ሰፈር፣ እኛ ሐበሾቹ ከአንድ አናጢ ቤት በላይ ወደተከራየነው የጸሎት አዳራሽ እሄዳለሁ። በዚያ እሁድ ቀድሜ ደረስኩና ከወንበሮቹ ኋላ በጀርባዬ ተጋድሜ ሥራዬን ጀመርኩ። አገጬን ስስብ፣ ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ፣ «ዋሐድ፣ ትኔን፣ ትሌቴ» እያልኩ ከአንድ እስከ ሦስት ስቆጥር ንግስት በር ላይ ቆማ አየችኝ። ንግስት በአንድ አውሮፕላን አብራኝ የመጣች ጓደኛዬ ናት። ልቧ ደግ ነው፤ ጭንቅላቷ ግን የዶሮ።

«ወንድም ጌታነህ! መንበረን ያዛት! በአረብኛ ይለፈልፋል!»

ጌታነህ ሰባኪያችን ነው። በሳምንቱ ወደብ ላይ ጆንያ ስለሚሸከም መዳፉ አካፋ ነው የሚያህለው። እየሮጠ መጣ።

«አንተ የሕመም መንፈስ፣ ማን ነህ?»

«መንበረ ነኝ። ስፖርት እየሠራሁ ነው!»

«ይዋሻል!» አለች ንግስትና እግሬ ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹ እጆቼን ያዙ።

«ቀኙን ልቀቁ! ግራውን ውሰዱት፣ ቀኙን ተዉልኝ!»

«እዚያ ነው ያለው!» ብሎ ጌታነህ ጉልበቱን ትከሻዬ ላይ ተከለ። «ውጣ!» ባለ ቁጥር የአንገቴን ሥር በመዳፉ ይወቅጠዋል። ጮህኩ፤ በጮህኩ ቁጥር ጋኔኑ ተጨነቀ ብለው ያጨበጭባሉ። አፌ ጋ የመጣውን ጣት ነከስኩ፤ በረኪና በረኪና አለኝ። የሁላችንም የቤት ሠራተኞች ጣት እንደዚያው ነው። ስንት ወር የገነባሁትን ክንድ እያፈረሱት ነበር።

ጌታነህ ትንፋሽ ሊወስድ ቀና ሲል፣ የያዙኝም ሲላሉ ተፈናጥሬ ተነሳሁ። ቀኝ እጄ ከጆሮዬ አለፈ፣ ከግንባሬ አለፈ፣ ከራሴ በላይ ሄዶ እንደ ምንጣፍ መምቻ አፍንጫው ላይ ወረደ።

ሸሚዙ ደም ለበሰ።

«እጇ!» ብላ ጮኸች ንግስት። «እጇ ተነሳ! ሃሌሉያ!»

እልልታው ቀለጠ። ጌታነህ አፍንጫውን በመሐረብ እንደያዘ፣ «መስክሪ፣ እህቴ» አለኝ።

«እመሰክራለሁ። ያዳነኝ ግድግዳ ነው፤ የሰበራችሁኝ እናንተ። አንተ ደግሞ አፍንጫህ ላይ ውጣ ብለህ ጩኽበት፤ ደሙ ከቆመ አምንሃለሁ።»

አንድ እግሬ ባዶውን ደረጃውን ወረድኩ። መንገዱ ዳር ያለው መጋዘን ግድግዳ ላይ ጣቶቼን ከወገቤ ጀምሬ ወደ ላይ አወጣኋቸው። ትከሻዬ ጋ ሲደርሱ ዓይኔ ጨለመ። ጆሮዬ ጋ እጄ እምቢ አለ፤ ጠዋት ግንባሬ ጋ የደረሰ እጅ። ፋሲካም ሩቅ አይደለም።

ንግስት የወለቀ ጫማዬን ይዛ መጣች።

«ደሙ አልቆመም» አለች ቀስ ብላ።

ጣቶቼን ከግድግዳው አላነሳሁም።

«መንበርዬ… እኔም እኮ ወገቤ አላስተኛ ብሎኛል። ያ ቆጠራሽ ለወገብ ይሆናል?»

«መጀመሪያ ጫማዬን አድርጊልኝ። ማጎንበስ አልችልም፤ የማን ሥራ እንደሆነ ታውቂዋለሽ።»

ተንበረከከች። ወገቧ ሲይዛት «ወይኔ!» አለች፤ አላዘንኩላትም። እሷ ጫማዬን ስታስር እኔ ጣቴን ከጆሮዬ በላይ ገፋሁት። ግድግዳው ሸካራ ነበር፤ ጥፍሬ ደማ።

«ዋሐድ» አልኩ።