የዶና ኤርሚኒያ ክንድ

ዴልፊና በመንደሯ መድኃኒት ቤት የጉንፋን ክትባት እንድትሰጥ የተፈቀደላት የወይራ ለቀማው ሊጀመር ሲል ነበር። ደስታዋ ሁለት ቀን አልዘለቀም። ማቀዝቀዣው በክትባት ሞላ፣ ተከታቢ ግን ጠፋ። በሯ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈች፣ ቡና ቤት ድረስ ሄዳ ለፈለፈች፤ ወይ ፍንክች!

«አንቺ ሽሮፕሽን ሽጪ» አሏት ሴኞር አልባኖ ካርታቸውን እየበወዙ። «መርፌ የኤርሚኒያ ሥራ ነው። እሷ ክንዷን ካልሰጠችሽ እኔም አልሰጥሽ።»

ዶና ኤርሚኒያ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ፣ ቄሱን ጨምሮ፣ ያልወጉት ሰው የለም። ዴልፊናም በልጅነቷ መርፌያቸውን ሸሽታ የበግ በረት ውስጥ ተደብቃ ታውቃለች።

ሐሙስ ጠዋት እኚሁ ሴትዮ ከተፍ አሉ። ግማሹ መንደር ተከትሏቸው መጥቶ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ።

«እስቲ እጅሽን። ይንቀጠቀጣል!»

«እርስዎ ፊት የማን እጅ የማይንቀጠቀጥ አለ?»

ወደ ጓዳዋ ገብተው በሩን ዘጉ። አሮጊቷ ጥጡን፣ መርፌውን፣ የክትባቱን ማብቂያ ቀን አንድ በአንድ መረመሩ፤ እንከን አጡ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ፊታቸው አመድ መሰለ።

«አሞዎታል እንዴ?»

«ቀስ በይ፣ ይሰማሉ። መርፌ እፈራለሁ።»

«እርስዎ?»

«የሰው ክንድ ሲሆን ሌላ ነው! እኔን የሚወጋኝ አልነበረም፤ ተመስገን ብዬ ኖርኩ።»

ዴልፊና ሳቋን ዋጠች፤ የእጇም መንቀጥቀጥ ያኔውኑ ተዋት። «ልጆቹን ምን ይሏቸው ነበር?»

«የድመታችሁን ስም ጥሩ።»

«እንግዲያው ይጥሩ።»

«ሦስት ናቸው።»

«ሦስቱንም።»

ዶና ኤርሚኒያ ዓይናቸውን ጨፍነው አንዷን ጠሩ፣ ሁለተኛዋን ጠሩ።

«አለቀ» አለች ዴልፊና።

«ውሸታም! አንዷ ድመት ቀርታለች።» ዓይናቸውን ገልጠው ክንዳቸውን ሲያዩ ጥጡ ተለጥፏል። «ለአንድ ሰው ትንፍሽ ብትይ...»

«እኔ ምን አየሁና?»

አሮጊቷ እጅጌያቸውን እንደሰበሰቡ ደረታቸውን ነፍተው ወጡ። «ትንኝ ትብሳለች! አልባኖ፣ ግባ!»

«ቆይ፣ ካርታዬን...»

«ግባ አልኩህ! ልጅቷ የምትፈልገው ክንድህን ነው፣ ሱሪህን አታውልቅ!»

መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። ሴኞር አልባኖ ጆሯቸው እስኪቀላ አፍረው ገቡ።

እስከ ምሳ ሰዓት ሠላሳ አንድ ሰው ተከተበ። ማንም ሳይጠይቃቸው ዶና ኤርሚኒያ በር ላይ ወንበር ዘርግተው ትኩሳት ያለውን ወደ ቤቱ ሲመልሱ፣ ሹራብ የደራረበውን ሲያስወልቁ፣ ዴልፊና ውስጥ ሆና ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ተጨማሪ ክትባት ታዝ ነበር።