የቀንድ እጀታና አራት ብሎኖች

የሰማሁት ድምፅ ትንሽ ነበር። ካቻቢቴ ብረት ላይ ሲያመልጥ የሚያሰማው ጭረት፣ ከዚያ ዝምታ። ከዳናዎ ከተማ ሽጉጥ ሠሪዎች መካከል ሲያበላሽ የማይሳደብ የእኔ ባል ፕሩደንሲዮ ብቻ ነው። ዝም ይላል። ያ ዝምታው ከስድብ ይብስብኛል።

"ምን አደረግክ?" አልኩት ከመስኮቱ ሥር።

"ምንም።"

የእሱን ምንም አውቀዋለሁ። የማለሰልሰውን ቀንድ አስቀምጬ ሄድኩ። ሌሎቹ ለምሳ ወጥተው ሱቁ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ሞርሳው ላይ የታሰረው ባዶ ሽጉጥ የአንድ ጡረተኛ የመርከብ ካፒቴን ነው፤ ከሰዓት መጥቶ ይወስደዋል። እጀታው እኔ ሳምንቱን ሙሉ ስለፋበት የከረምኩት የጎሽ ቀንድ ነው። ሦስቱ ብሎኖች ደህና ናቸው። የአራተኛው ግን ካቻቢቴ የሚገባበት ስንጥቅ ተበልቶ፣ ጠርዙ ተገልብጦ ያብለጨልጫል።

በእኛ ሱቅ ሽጉጥ ከመውጣቱ በፊት የእጀታው ብሎኖች ስንጥቅ በሙሉ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ለተኩሱ የሚጨምረው ነገር የለም። እኛ ግን ስንጥቁ ያዘመመ ሽጉጥ ስናይ ሸሚዙን አዛንፎ የቆለፈ ሰው ያየን ያህል ይከነክነናል። ብሎኑ ጠብቆ ስንጥቁ ቀጥ ሊል ትንሽ ከቀረው መልሶ አውጥቶ የብሎኑን ራስ ሥር ድንጋይ ላይ ስሎ ትንሽ ማሳሳት፣ ከዚያ እንደገና መሞከር ነው። የቸኮለ ሰው ግን "ይቺን ታህል ብቻ" ይልና በጉልበት ያዞረዋል፣ የብሎኑንም ራስ ይበላዋል። የጀማሪ ጥፋት ነው። የዚህን ሱቅ ጀማሪዎች ሁሉ ያስተማረው ደግሞ ፕሩደንሲዮ ነው።

"ሮጋሲያኖ ያለህን ረሳኸው?"

"አልረሳሁም።"

"ታዲያ?"

"ላልያ፣ አትጩኺብኝ።"

"እኔ ጮህኩ?" አልኩ እየጮህኩ።

ሮጋሲያኖ ዛሬ የሱቁ ባለቤት ነው እንጂ ሞረድ አያያዝ የተማረው ከባሌ ነው። ባለፈው ሰኞ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ "ኖንግ፣ ከእንግዲህ አንድ ሥራ ከተበላሸ ብረት ላይ አላስቀምጥህም። በር ትጠብቅልኛለህ" አለው። ታላቅ ወንድሙን እንደሚጠራ ኖንግ እያለ ነው ያለው፤ እኔንም እንደ ታላቅ እህት ናንግ ይለኛል። እዚያ በር ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌዎችን አይቻለሁ። መጀመሪያ ያንቀላፋሉ፣ ቀጥሎ መምጣት ይተዋሉ። ባሌ ከብረት ሥራ ወንበሩ ላይ ከተነሳ አንድ ዓመት በሕይወት እንደማይቆይ አምናለሁ፤ የፈራሁትም ይህን ነው።

ወደ መንገዱ አየሁ። ተመለስኩ። እንደገና ሄጄ አየሁ። ሮጋሲያኖ ገና አልመጣም።

"በሴጌቶ አዲስ ስንጥቅ ላውጣለት?" አለ።

"የብሎኑ ራስ እኮ ቀንዱ ውስጥ ገብቷል። ቀንዴን ልትቆርጥልኝ ነው?"

"እንግዲያው ራሱን ሰርስሮ መጣል ነው።"

የእጅ መሰርሰሪያውን አነሳ። ጫፉን ብሎኑ መሃል ላይ ሊያሳርፍ ሲሞክር ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ቀንዱ ጠርዝ ላይ ደረሰ። ያኔ ነው እጁን ያየሁት። ጠዋት ጠዋት ኩባያው ሲንቀጠቀጥ አይ ነበር። የኮኮናት አረቄ ነው ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አምቼዋለሁ፣ እሱም አንድ ቀን አላስተባበለም።

"ስጠኝ" አልኩት።

"ብረት ሰርስረሽ አታውቂም።"

"አንተም ቀንድ ሰርስረህ አታውቅም፣ ዛሬ ልትጀምር ነው።"

ሰጠኝ። በእኛ ሱቅ ሴት ቀንድና እንጨት ላይ እንጂ ብረት ላይ አትቀመጥም፤ እኔም ያን ወንበር ከመጥረግ በቀር ተቀምጬበት አላውቅም። መጀመሪያ መሃሉን በሹል ጠቋሚ ብረት መትቼ ጎድጎድ አደረግኩ። እሱ ከኋላዬ ቆመ።

"አትጫኚው፣ መሰርሰሪያው ራሱ ይብላ። ዘይት ጠብ አድርጊ። ቀስ።"

"አንገቴ ላይ አትተንፍስብኝ።"

"ካልተነፈስኩ እሞታለሁ።"

"ስጨርስ ትሞታለህ።"

የብሎኑ ራስ ተቆርጦ መሰርሰሪያው ላይ ቀለበት ሆኖ ዞረ። የቀንዱን ሽፋን አነሳሁት፣ ጭረት የለበትም። የቀረውን ጉቶ በጉጠት ይዤ ሳዞረው ግን ሽጉጡ አካል ላይ የተጠመዘዘችው፣ ብሎኑ የሚቀመጥባት ትንሽ ቀለበት አብራው ዞረች።

"ቁሚ" አለ። "እሷ ከወጣች የሽጉጡ አካል ጥርሱ ይበላል። ብሎኑ እንዳይላላ ብዬ ማጣበቂያ አድርጌበታለሁ። በመበየጃው ካውያ አሙቂው።"

አሞቅኩት። ደጅ ሞተር ሳይክል ሲያልፍ ካውያውን ልጥለው ነበር። ማጣበቂያው ጨሰ፣ ጉጠቱን መልሼ ያዝኩ፣ ጉቶው ብቻውን ወጣ። ሽፋኑን መልሼ አዲስ ብሎን አስገባሁ፣ ስንጥቁ ቀጥ ሊል ትንሽ ሲቀረው ጠበቀ።

"አውጪና ሥሩን ድንጋይ ላይ ሳዪው" አለኝ።

"ይሄን እያወቅህ ለምን በጉልበት አዞርከው?"

"ልስላት ስል መያዝ አቃተኝ" አለ። "ብሎኗ ከጣቴ ታመልጣለች። ከዝናቡ ወቅት በፊት ጀምሮ ነው።"

ያን ጊዜ በሐሜቴ አፈርኩ። ብሎኗን በሁለት ጣቴ ይዤ ሳልኳት፣ ሞከርኩ፣ እንደገና ሳልኳት። አራቱም ቀጥ ብለው ቆሙ።

ሮጋሲያኖ ገባ። ሽጉጡን ከሞርሳው ፈትቶ ወደ ብርሃኑ አዞረው፣ አውራ ጣቱን በብሎኖቹ ላይ አሳለፈ። ፊቱ ሲፈታ አየሁት።

"ኖንግ፣ የድሮ እጅህ ተመለሰ።"

"መቼ ሄደና" አልኩ ቶሎ ብዬ።

በቃ፣ ተረፍን። አንድ ሰው ዝም ማለት ብቻ ነበረበት፣ ዝም በማለት ደግሞ ከባሌ የሚስተካከል የለም። ፕሩደንሲዮ ግን ጠረጴዛው ላይ ካለው የብሎን ጣሳ አንድ ብሎን አንስቶ ወደ ድንጋዩ ወሰዳት። ምን ሊያደርግ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ከጣቱ አመለጠች፣ ጠረጴዛው ላይ ነጠረች፣ ወለሉ ላይ ተንከባላ ጠፋች።

"የእሷ እጅ ነው" አለ። "ወንበሩን ለእሷ ስጣት።"

በመዶሻ ብለው ደስ ባለኝ። "ማን ወንበር ለመነህ?" አልኩት።

ሮጋሲያኖ ብሎኗን ሊፈልግ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ጣሳው ሙሉ ብሎን ነው፣ አንዷን ብሎ የሚንበረከክ ሰው የለም። እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቶን እዚያው ቆየ፣ አፍንጫውንም ደጋግሞ ሳበ። እኛም አልጠራነውም።

በኋላ ከዚያው ከሥር ሆኖ "ኖንግ" አለ። "ናንግ ላልያ አጭር ናት። ወንበሩን ከፍ ላድርገው?"

ፕሩደንሲዮ ዞሮ ከራሴ እስከ እግሬ ለካኝ።

"ሁለት ጣት" አለው።