የወለተሐና ወንበር

ወለተሐና ያንን ወንበር ለማግኘት ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ደጅ ጠንታለች። ደብረ ብርሃን ከሚገኙ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ስትጽፍ የምትውል ሴት ናት። ቀኝ እጇ መደንዘዝ ከጀመረ ሰንብቷል፤ እጇ ከከዳት እንጀራዋም አብሮ ይከዳታል።

የሐኪም ቤቱ ባለሙያ አቀማመጧን ጠይቆ ሲረዳ ራሱን ነቀነቀ። "ክርንሽ ከጠረጴዛው እኩል ይሁን፣ ስክሪኑ ከዓይንሽ ትይዩ፣ እግርሽ መሬት ይንካ። እንደ እስካሁኑ ከቀጠልሽ ነርቩ ይጎዳል፤ ያን ጊዜ እኔም አልመልሰውም" አላት።

ምክሩን ሰማች። ግን ምን ታድርግ? ስክሪኑን በወፋፍራም ፋይሎች ከፍ አደረገችው። የእንጨት ወንበሯ ዝቅ ስላለባት ብርድ ልብስ አጣጥፋ ብትቀመጥበት እግሯ ተንጠለጠለ። ከእግሯ ሥር ጡብ ብታስገባ ጽዳት ሠራተኛዋ ቆሻሻ መስሏት በየማለዳው አውጥታ ትጥለዋለች። አጠገቧ የምትቀመጠው ሮዳስ "ቤት ልትሠሪ ነው እንዴ?" እያለች ትስቅባታለች።

በመጨረሻ ከፍ ዝቅ የሚለው ወንበር ከነላስቲኩ መጣላት። እንደተነገራት አስተካክላ ተቀመጠች። እስከ ምሳ ሰዓት ስትጽፍ ጣቶቿ አንዴም አልደነዘዙም። ሰው በወንበር ያለቅሳል? እሷ አልቅሳለች።

ከምሳ በኋላ መሪጌታ ኃይለ ገብርኤል ገቡ። እሑድ በቅኔ ማኅሌት፣ በሥራ ቀን ደግሞ በመዝገብ ቤት የሚያገለግሉ፣ ጡረታ የቀረባቸው ሰው ናቸው። አንኮበር ካለው አባቷ ጋር አብረው ቅኔ የተማሩ፣ ለከተማው እንግዳ ሳለች ቤት ፈልገው ያስገቧት እሳቸው ናቸው።

"ኖር" ብላ ተነሣች።

ወትሮ "በእግዜር፤ ተቀመጪ ልጄ" ብለው ያልፋሉ። ወጉ ይኸው ነው። ኖር የሚለውም ለክብር ይላል፣ የተባለውም ይመልሳል፤ ወንበር የሚወስድ የለም። ያን ቀን ግን የወገብ ሕመም አጉብጧቸው ነበር።

"በእግዜር" አሉና ተቀመጡ።

ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ትንፋሽ አወጡ። "ወይ ጉድ፣ ይሄስ ወንበር አይደለም፣ ምሕረት ነው።"

ሮዳስ አዘነችላቸው። "ታዲያ መዝገብ ቤት እንውሰድልዎታ! አንቺ እንደሁ ልጅ ነሽ፣ አይደል ወለቴ?"

ሽማግሌው ቀና ብለው ወለተሐናን አዩ። እውነቱን ብትነግራቸው ወዲያው እንደሚነሡላት ታውቃለች፤ አፏን የያዘውም እሱው ነው። የአባቷን ጓደኛ ከወንበር አስነሥታ በምን ዓይኗ ታያቸዋለች?

"ይውሰዱት እንጂ" አለች። ሮዳስ ወንበሩን እየገፋች ይዛው ስትሄድ እሷ የእንጨቱን ወንበር ጎተተች።

በማግሥቱ ንብረት ክፍል ሄዳ ሌላ ወንበር ጠየቀች። "በስምሽ ወጪ ተደርጓል፤ ለአንድ ሰው ሁለት አንሰጥም" አሏት። ለማን እንደሰጠችው ብትነግራቸው ነገሩ ዞሮ መሪጌታ ጆሮ ይደርሳል። ወደ እንጨቱ ወንበር ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ ትንሿ ጣቷ ሳትቀር ደነዘዘች።

ወር ሳይሞላ መሪጌታ አስጠሯት። ወንበሩ እየሰመጠ አስቸግሯቸዋል፤ አስተካክሉልኝ ቢሉ የሚያውቅ የለም።

ወለተሐና ፊታቸው ተንበረከከች። እንደተነገራት ጉልበታቸውን አየች፣ መደገፊያውን ወገባቸው ላይ አስጠጋች፣ ክርናቸውን ከጠረጴዛው ጋር አስተካከለች። ከሥር ያለው ማንሻ ጠጣር ስለነበር በቀኝ እጇ አጥብቃ ይዛ ሳበችው።

"አሁንስ ተመቸኝ። ለአባትሽ እነግርልሻለሁ። ይህን ወንበር ካገኘሁ ወዲህ ማኅሌት ቆሜ አድራለሁ" አሉ፣ ፊታቸው በርቶ። "እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ።"

"አሜን" አለች።

ማንሻውን ለቅቃ ልትነሣ ስትል እጇ አልመጣ አላት። ጎንበስ ብላ ብታይ፣ ጣቶቿ አሁንም ማንሻው ላይ ነበሩ። በግራ እጇ አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው።